ሞተር ይገዛ ወይስ ጠለፋው ይጠገን? (ራያ ቆቦ፣ ረዘም ያለ ነው ታገሱኝ)

የቆቦ_ልጅ_ሪያድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን፣ ግማሻችን ሪያድና ጅዳ ግማሻችን አዲስ አበባና ደሴ፣ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለችን ለለቅሶና ለህክምና ነበር የምናዋጣባት። አሁን ግን ለሀገር ቤት ብለን ትንሽ ብር ይዘናል። የሀገሩን ነገር ታውቁታላችሁ፣ 2013 ላይ ማሽላው ደርሶ ሊታጨድ ሲል አንበጣው ወረደበት፣ ከዛ ጦርነቱ፣ ከዛ ደግሞ ዝናቡ በልጉንም ክረምቱንም ቆራረጠው፣ ሰው በሬውን ሸጦ በላ። ስንዴ ገዝተን እንላክ ያሉ ነበሩ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «ስንዴው ሁለት ወር ነው፣ ውሃ ስጡን» አሉን። እሺ አልን፣ ጭቅጭቁ የመጣው ከዛ በኋላ ነው።

ወጣቶቹ ሞተር ፓምፕ ግዙልንና ከወንዟ እየሳብን ሽንኩርት እንትከል ይላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ የድሮው የጎርፍ ጠለፋ (ጎርፉን ከወንዙ ወደ ማሳ የሚመልሰው) ተሰብሯል፣ ቦዩ በደለል ተሞልቷል፣ እሱ ይጠገን ማሽላችንን እንዝራበት ይላሉ። ሌላው ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር ይላል፣ እሱ አቅማችን አይደለም። ብሩ ለአንዱ ይበቃል ለሁለቱ አይበቃም። በዚህ ነገር ያለፋችሁ ካላችሁ የምታውቁትን በሏት፣ ሀሜት ሳይሆን የሚጠቅም።

አብሽር_ወሎ፦
ማሻአላህ። አላህ ይጨምርላችሁ። እኔ ግን በሬ ግዙላቸው ነው የምለው 😅 ያለ በሬ ውሃው ምን ሊሆን ነው?

ውሃ_ልክ፦
መጀመሪያ ጥያቄ። ወንዟ ግንቦት ላይ ምን ያህል ትፈሳለች? ታኅሣሥ ላይ ቪዲዮ ቀርጸው ቢልኩልህ አትመን፣ ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ወንዝ ቆንጆ ነው። በደምሳሳው ለ1 ሄክታር በሰከንድ 1 ሊትር ያዝ፣ ቦዩ አፈር ከሆነ መንገድ ላይ የሚሰርግ አለ፣ ስለዚህ ከዛም ከፍ አድርገህ አስብ። ለመለካት ኢንጂነር አያስፈልግም፣ ውሃውን በድንጋይና በጭቃ ሰብስበው በአንድ ቱቦ ያሳልፉትና 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክ ይያዙ። በ4 ሰከንድ ከሞላ 5 ሊትር በሰከንድ ነው፣ ማለት ቢበዛ 5 ሄክታር። እናንተ ጋ ጥማዱ ሩብ ሄክታር ገደማ ከሆነ 20 ጥማድ መሬት ነው እንግዲህ። ስንት አባወራ ናችሁ? 200 ከሆናችሁ ከአሁኑ ተነጋገሩ፣ ሞተሩ ከተገዛ በኋላ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከመሬት በላይ ቁጭ ብሎ የሚስብ ሞተር ከ7 ሜትር ገደማ በላይ ከታች አይስብም። ካርቶኑ ላይ 30 ሜትር ምናምን ተብሎ የተጻፈው የሚገፋበት ነው፣ የሚስብበት አይደለም። ስንቱ ሰው በዚህ ተሸውዶ 12 ሜትር ጉድጓድ አፍ ላይ ሞተር አስቀምጦ ሲያንባርቅ ውሎ እንዳየሁ። የወንዙ ገደል ስንት ሜትር እንደሆነ በገመድ አስለካና ንገረኝ።

ዲኤ_ነበርኩ፦
እኔ ወሎ ውስጥ ዲኤ (የቀበሌ የግብርና ባለሙያ) ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ቦታውን አልጠራም። ከ2008ቱ ድርቅ በኋላ (ያኔ አገሩ ላይ እርዳታ የሚፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፣ ታስታውሱ እንደሆን) ፓምፕ እንደጉድ ታደለ። በቡድን በቡድን አድርገን ሰጠን፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሪፖርት ተጻፈ። የመጀመሪያውን በጋ ወላ ሽንኩርት ወላ ቲማቲም ያልተከለ የለም፣ አንዳንዱ ሰው በእውነት በሬውን መለሰ በሱ፣ አልዋሽም። ሁለተኛው በጋ ላይ የቀበሌው መጋዘን የሞተር መቃብር ሆነ። ለምን? ሞተሩ የሁሉም ስለሆነ ዘይቱን የሚቀይረው ሰው የለም። አንዱ ጠዋት ወስዶ ያጠጣል፣ ውሃ አልቆ አየር እየሳበ እንኳ አያጠፋውም፣ ሌላው ከሰዓት ተሸክሞት ይሄዳል፣ ማታ ናፍጣ ያለቀበት ማን እንደሆነ ይጣላሉ። ከዛ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ ይበላል፣ ትንሽ ነገር ነው ወላሂ ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ግን የዛ ብራንድ እቃ ወልድያም ደሴም የለም። በቃ ቆመ። ሽንኩርቱ ደግሞ መለዋወጫ አይጠብቅም፣ ሳምንት ውሃ ካጣ ጫፉ ይቃጠላል።

ሞተር አትግዙ አላልኩም። ከገዛችሁ ቆቦ ገበያ ላይ መካኒኩ የሚያውቀውን ብራንድ ግዙ፣ ርካሽ ነው ብላችሁ ከዱባይ ጭናችሁ እንዳትልኩ።

የቆቦ_ልጅ_ሪያድ፦
@ውሃ_ልክ የገደሉ ነገር ደውዬ ጠይቄአለሁ፣ አንዱ 4 ሜትር ይላል አንዱ 9 ይላል 😂 በገመድ ይለኩታል። @ዲኤ_ነበርኩ ከዱባይ የመጫን ሀሳብ ነበረን እኮ፣ አንድ ልጅ ዋጋ ሁሉ አምጥቷል። ይቆይ ማለት ነው።

የአባቴ_ጸሐፊ፦
እኔ የራያ ልጅ ነኝ፣ አሁን አባቴ አጠገቤ ስላሉ አነበብኩላቸው፣ እሳቸው ሲያወሩ ነው የምጽፈው፣ ስህተቱ የኔ ነው።

«ልጄ፣ ጎርፉ እኛ ጋ ሳይዘንብ ነው የሚመጣው። ደጋው ሲጠቁር ታያለህ፣ ሲያጉረመርም ትሰማለህ፣ አካፋህን ይዘህ ትወርዳለህ ሌሊትም ቢሆን። የሚቆየው ትንሽ ሰዓት ነው፣ ያኔ ካልጠለፍከው አልፎህ አፋር ነው የሚገባው። ጠለፋው አፈርና ድንጋይ፣ እሾህና ቅርንጫፍ ነው። ጎርፉ ከበረታ ይሰበራል። ይሰበር! ካልተሰበረ ያን ሁሉ ውሃ ማሳህ ላይ ይዘረግፈዋል፣ መሬትህን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሲሰበር በጅጌ፣ በደቦ ማለት ነው፣ እንጠግነዋለን፣ በአንድ ክረምት ደጋግሞ ይሰበራል እኛም ደጋግመን። የውሃ አባት አለ፣ እኛው የመረጥነው፣ የማይሰርቅ የማያዳላ። ለጅጌ ያልወጣ ሰው ውሃ አያገኝም፣ ታሞ ከቀረ ልጁን ይልካል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ምሳ ካመጣች እንደወጣች ይቆጠርላታል። ያሁኑ ጎርፍ ለላይኛው ከሆነ የሚቀጥለው ለታችኛው ነው። ደጋሊት የሚባለውን ማሽላ ዘርተህ ሁለት ደህና ጎርፍ ካገኘህ በቃ፣ ዝናቡ ቢያጥር እንኳ መሬቱ ውስጥ ያለው ርጥበት ያደርሰዋል። ደለሉም ማዳበሪያ ነው፣ እኛ ዳፕ የማናውቅ ሰዎች ነበርን።

በኋላ ሰዎች መጡና በኮንክሪት እንስራላችሁ አሉ። ሰሩት። የብረት በር አደረጉለት። ቁልፉን የያዘው ሰው ከተማ ነው የሚያድረው። ጎርፉ ሌሊት መጣ። በሩ ዝግ። ጠዋት ስንሄድ ደለሉ አፉን ደፍኖታል፣ ውሃው በሌላ በኩል አፈንግጦ የሰው ማሳ ቆርሶ ሄዷል። ካካፋ ወዲያ ምን አለን፣ ጠረግነው። በሚቀጥለው ጎርፍ ተደፈነ። ተውነውና ከላዩ የድሮውን ሰራን።»

ይሄን ብለው ተነስተው ሄዱ፣ ሰላት ደርሶባቸው ነው።

ዳላስ_77፦
ዋው። ጋሼን ሰላም በልልን። ይሄ ነገር ጥናት ተሰርቶ መቀመጥ ያለበት ነው።

ውሃ_ልክ፦
አባትህ ያሉት የመሰበሩ ነገር ትክክል ነው፣ እኛ ትምህርት ቤት ለዚህ ሂሳብ እንሰራለን፣ እሳቸው በአካፋ ያወቁት ነው። ራያ ላይ ቆቦ በኩልም ሞኾኒ በኩልም ከተሰሩት ዘመናዊ የጎርፍ ጠለፋዎች ብዙዎቹ የወደቁት በደለል ነው። ዲዛይኑ ዓመቱን ሙሉ ለሚፈስ ንጹህ ወንዝ ይሰራና ደጋው ተገርስሶ ለሚመጣ ጎርፍ ይደረጋል፣ አፉ ጠባብ፣ በሩ ትንሽ። ቅርንጫፍ አንዴ ከተሰነቀረበት በቃው።

ግን ጋሼን አንድ ነገር ልሞግታቸው። በየዓመቱ እሾህና ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ሲጠገን ዛፉ አልቋል እኮ። እና የጉልበቱ ነገር፣ ወጣቱ አረብ አገር ሄዷል፣ ጅጌ የሚወጣው ማነው? እኔ ብሆን መሃል ላይ እገባለሁ፣ ቦዩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ያለውን የወንዙን ጎን ብቻ በጋቢዮን (ድንጋይ በሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) አጠናክራለሁ፣ ወንዙን አቋርጦ የሚዘረጋውን በአፈር እተወዋለሁ፣ እንዲሰበር። በር የሚባል ነገር አላስገባም። ቦዩንም ሰፊና አጭር አደርገዋለሁ።

የቆቦ_ልጅ_ሪያድ፦
ኧረ ይሄ ነው የፈለግነው። የጋቢዮን ሽቦ ብቻ ከሆነ የምንገዛው ድንጋዩ እዛው አለ።

የወልድያዋ፦
እስካሁን ሁሉም ሰው ስለማሽላና ሽንኩርት ነው የሚያወራው፣ የሚጠጣው ውሃ ከየት ነው የሚቀዳው? ሴቶቹ ከዛው ወንዝ ከሆነ የሚቀዱት ላይ ሞተር ተክላችሁ በጋ ላይ ስታደርቁት የት ሊሄዱ ነው? እኔ ያደግኩበት ሰፈር ይሄ ነገር ሆኖ ከታች ያለው ጎጥ ሴቶች መጥተው ቱቦውን አውጥተው ጣሉት። ደግ አደረጉ። እና ሌላ፣ ሌሊት ተራ የሚባል ነገር አለ፣ የሌሊት ተራ ሁልጊዜ የሚደርሰው ባል ለሌላት ሴት ነው፣ እጣ ነው ይላሉ ግን እጣው ሁሌ እሷ ላይ ይወጣል።

ውቅሮ_ሰማይ፦
እኔ ከወዲያኛው በኩል ነኝ፣ ከትግራይ፣ እኛ ጋ ውቅሮ አጠገብ አብርሃ ወ አጽብሃ የሚባል ቦታ አለ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፣ በፈረንጆች 2012 የኢኳተር ሽልማት ያገኘ። በ77ቱ ጊዜ እንደዛ ተጎድቶ ሰው ይነሳ ይስፈር የተባለበት አገር ነው። እነሱ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች አልሄዱም፣ ወደ ላይ ነው የሄዱት። ተራራው ላይ እርከን ሰሩ፣ ከብት እንዳይገባ ከለከሉ፣ ጎርፉን ጉድጓድ እያዘጋጁ አሰረጉት። በኋላ ውሃው ራሱ ከስር ወጣ፣ ጥቂት ሜትር ቆፍሮ ማግኘት ተቻለ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጀመሩ። መሪያቸውን አባ ሃዊ ነው የሚሏቸው፣ እሳት እንደማለት ነው፣ ከሰው ጋር ስንቴ ተጣልተዋል መሰላችሁ ከብት ስላስከለከሉ። እንደሱ ማድረግ ጊዜ ይፈጃል፣ ዓመታት። ግን ጠለፋውን ስትጠግኑ ከላይ ያለውን ገላጣ ተራራ ካልነካችሁት ደለሉን በአካፋ ስትዝቁ ትኖራላችሁ።

አብሽር_ወሎ፦
@ውቅሮ_ሰማይ አላህ ሰላሙን ያውርድልን ወንድሜ፣ አንድ ጎርፍ ነው የምንጠጣው።

ዲኤ_ነበርኩ፦
እርከኑ ብዙ ቦታ በሴፍቲኔት ተሰርቷል እኮ። ችግሩ መስራቱ ላይ ሳይሆን ቀኑ ላይ ነው፣ ስራው ያለው ጥርና የካቲት፣ ከዛ ግንቦት ላይ መኖ ሲያልቅ ፍየሉ ይለቀቅበታል። ክልከላው በቀበሌ ወረቀት ሳይሆን በቅሬው (በእድሩ) መሀላ ሲሆን ነው የሚከበረው፣ ይሄን በአይኔ ያየሁት ነው።

ዳላስ_77፦
ጥያቄ፣ ሶላር ለምን አይሆንም? ናፍጣ የለ፣ ዘይት የለ፣ ፀሐዩ እንደሆነ ራያ ላይ አይጠየቅም። እኔ በበኩሌ ለሶላር ከሆነ ባላውቃችሁም አዋጣለሁ።

ውሃ_ልክ፦
ሶላር ጥሩ ነው፣ ግን ብሩ መጀመሪያ ላይ ነው የሚጠፋው፣ ናፍጣው ቀስ ብሎ ነው። ውሃ የሚሰጥህ ቀን ብቻ ስለሆነ ማጠራቀሚያ ያስፈልግሃል። ጥበቃም ይፈልጋል፣ ፓኔል ከማሳ መሃል ነቅሎ መሄድ ቀላል ነው። የመብራቱንም አንርሳ፣ ቆቦ ጊራና ላይ በመብራት የሚሰሩ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፣ ጠብታ መስኖና ስፕሪንክለር ሳይቀር የተዘረጋላቸው። ጠብታው ከሰጠኸው ውሃ 90 በመቶውን ለተክሉ ያደርሳል፣ በቦይ የሚለቀቀው 60 ካደረሰ ጎበዝ ነው። በወረቀት የሚያስቀና ነገር ነው። ጦርነቱ መጥቶ መብራቱ ሲጠፋ ግን ጠብታውም 90ውም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ሶላሩ ለትንሽ ጉድጓድ፣ ለችግኝና ለመጠጥ ውሃ ይሁን ባይ ነኝ። የእህቴን የወልድያዋን ጥያቄም እሱ ይመልሰዋል።

የሐረማያ_ልጅ፦
ስለ ሞተር አንድ ነገር ልበልና ልውጣ። እኛ ሐይቅ ነበረን። ሐረማያ። ሁሉም ሰው ሞተሩን ይዞ ዳር ዳሩን ተቀመጠ፣ ጫት፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ከተማውም ከሱ ይጠጣ ነበር፣ ከተራራው ደለሉ ይገባ ነበር። 1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ደረቀ፣ ከብት የሚውልበት ሜዳ ሆነ። ኋላ ዝናቡ ሲበረታ ውሃው ተመልሷል፣ አልሀምዱሊላህ፣ ግን ያንን ያየ ሰው «ውሃው አያልቅም» የሚል ሰው ሲሰማ አይስቅም። ማነው ሞተሩን አቁም የሚለው? እሱን መልሱና ግዙ።

ሕግ_ተማሪ፦
በሕግ መልስ አለው እኮ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ 841/2006 አለ። ማኅበሩ ከኅብረት ሥራ ማኅበር የተለየ ነው፣ ለትርፍ አይደለም፣ ስራው ውሃውን ማከፋፈል፣ ቦዩን መጠገን፣ ክፍያ መሰብሰብ ነው። የራሱ ሕጋዊ ሰውነት አለው፣ ስለዚህ አካውንት መክፈት ይችላል፣ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ቅጣትና ተራ ይጻፋል። ብሩን ለግለሰብ ከመላክ ለሱ ይሻላል።

ዲኤ_ነበርኩ፦
አዋጁን አውቀዋለሁ ወንድሜ፣ ሳስመዘግብ የነበርኩት እኔ ነኝ 😄 ችግሩ ማኅበር ሲባል ቀበሌ ላይ ያው ሊቀመንበሩ፣ ያው ጸሐፊው ነው የሚመጣው። የውሃ አባቱ ማንበብ ስለማይችል ይቀራል። አንድ ቦታ ብቻ ነው ጥሩ ሆኖ ያየሁት፣ የውሃ አባቱን ሊቀመንበር አድርገው የሚጽፍ ልጅ ከጎኑ አስቀመጡለት።

ሽንኩርት_በጅምላ፦
እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ድሮ አትክልት ተራ አሁን ኃይሌ ጋርመንት። እናንተ የውሃውን ጨርሳችሁ የምትመጡት እኔ ጋ ነው፣ ስለዚህ ስሙኝ። ሁላችሁም አንድ ሰሞን ትተክሉና የካቲት መጋቢት ላይ በአንዴ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ፎገራም መቂም በዛው ሰሞን ነው የሚያወጣው። ያኔ ደላላው ማሳችሁ ድረስ መጥቶ የነገራችሁን ዋጋ ትቀበላላችሁ ምክንያቱም ምርጫ የላችሁም፣ ይበሰብሳል። የተጋነነ ነገር አይደለም፣ ሽንኩርቱን ሳይነቅል በሬ ያስገባበት ገበሬ አውቃለሁ። በሁለት በሦስት ፈረቃ ትከሉ። ከመንቀላችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ውሃ አቁሙ፣ ክብደት ይጨምርልኛል ብሎ እስከመጨረሻው የሚያጠጣ ሰው አለ፣ ያ ሽንኩርት አዲስ አበባ ሳይደርስ መኪናው ላይ ነው የሚፈሰው። አንገቱ ደርቆ ከተነቀለ ነፋስ በሚገባው ቆጥ ላይ ቆይቶ ዋጋ መጠበቅ ትችላላችሁ። ሁሉም ሽንኩርት ብቻ አይሁን ደግሞ፣ ግማሹ የሚበላ ነገር ይዝራ።

የአባቴ_ጸሐፊ፦
አባቴ ተመልሰው መጥተው ሁሉንም አስነበቡኝ። አንድ ነገር ጻፍልኝ አሉ፦

«በሬውን የሸጠው ሰው መሬቱ የት ነው ያለው? ጠይቋቸው። በእኩል ሰጥቶታል፣ ምርቱን ሊካፈል። ወይ ለሦስት ዓመት ለአራት ዓመት አከራይቶታል በችግር ዋጋ። እናንተ ውሃ ስታመጡ ውሃው የሚጠጣው በሬ ያለው ሰው የያዘው መሬት ላይ ነው። ድሃው በራሱ መሬት የቀን ሰራተኛ ሆኖ ሽንኩርት ሲነቅል ታዩታላችሁ።»

አብሽር_ወሎ፦
በሬ ግዙ አላልኩም? 😤 ሳቃችሁብኝ

የቆቦ_ልጅ_ሪያድ፦
ይሄ ነገር አስደነገጠኝ በእውነት፣ ዛሬ ደውዬ ጠየቅኩ። ልክ ናቸው፣ የኔ አጎት ራሱ ሁለት ጥማድ አከራይቷል፣ ለኔ እንኳ አልነገረኝም፣ አፍሮ። ግሩፑ ላይ አንስተነው ሌሊቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ነበር። እስካሁን የተስማማንበት ይሄ ነው፦ ጠለፋው በውሃ_ልክ አባባል ይሰራል፣ ጋቢዮን ከጎን፣ መሃሉ አፈር። ከበልግ ዘር በፊት ካልደረሰ ለክረምቱ። ሞተር ለጊዜው አንገዛም፣ ግንቦት ላይ በጀሪካን ተለክቶ ይታያል። ከጋቢዮኑ የሚተርፈው ብር በቅሬው በኩል ይሄዳል፣ መሬቱን ላከራየ ሰው ብድር ተደርጎ፣ ኪራዩን ከፍሎ እንዲያስመልስ። የተከራየው ሰው እሺ ካለ ነው ታዲያ፣ እሱን ሽማግሌ ይይዘዋል። ይሄን ያልወደዱ ልጆች አሉ፣ ብሩ ለውሃ ነው የተዋጣው ለመሬት አይደለም ብለው ሁለቱ ከግሩፑ ወጥተዋል።

ውሃ_ልክ፦
የጋቢዮኑ ስራ ሲጀመር በቪዲዮ ደውሉልኝ፣ ብር አልፈልግም። መሰረቱን ወንዙ ከሚቆፍርበት በታች ካላወረዱት የመጀመሪያው ጎርፍ ከስሩ ይበላውና ይገለብጠዋል። ብዙው የሚወድቀው እዛ ላይ ነው፣ ሽቦው ሳይበጠስ።

ሕግ_ተማሪ፦
ብድሩን በጽሁፍ አድርጉት እባካችሁ፣ ምስክር ይኑረው። ብሩስ በማን ስም ነው የሚገባው?

የቆቦ_ልጅ_ሪያድ፦
በሦስት ሰው ፊርማ። የውሃ አባቱ፣ የቅሬው ዳኛ፣ አንድ መምህር።

የወልድያዋ፦
ሦስቱም ወንድ?

የቆቦ_ልጅ_ሪያድ፦
ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ እኮ እህቴ።

የወልድያዋ፦
ኮሚቴ ውስጥ ቡና የሚያፈሉት ናቸው? መምህሩን አውጡና አንዷን ገንዘብ ያዥ አድርጉ። የቅሬውን ብር በመቀነቷ ቋጥራ አንድ ሳንቲም ሳታጎድል የምታስረክብ ሴት በናንተ ቀበሌ ጠፍታ ነው? ጠይቅና ስሟን ለግሩፑ ንገራቸው፣ እዚህ አትጻፈው።

የቆቦ_ልጅ_ሪያድ፦
አለች። እናቴም እሷን ነው ያለችው። ነገ አነሳዋለሁ።